የአምባሰል ማር ስሙን ይዞ ገበያ ይድረስ

አምባሰል ስሙ በብዙ ምክንያት ይነሳል። ከአራቱ የሀገራችን የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ይጠራል። የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በተፈረመው ውል በታሪክ ትታወቃለች። ግሸን ደብረ ከርቤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን ምዕመናንን ትጠራለች። ማሩም ቢሆን ስም አለው፤ በገመድ ታስሮ ገደል የሚወርደው ማር ቆራጭ በአካባቢው ስንኞች ሲነሳ ኖሯል።

ችግሩ ስሙና ማሩ ገበያ ላይ አለመገናኘታቸው ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር የተቆረጠው፣ ከሐይቅ ዳር ጓሮ የተሰበሰበውና ከሌላ አካባቢ የመጣው ማር ብዙውን ጊዜ በአንድ በርሜል ይገናኛል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚሸጠው “ማር” ተብሎ ነው። የማን ማር፣ የየት ቀበሌ ማር፣ የየትኛው ወር ማር እንደሆነ የሚናገርለት የለም። ጥንቃቄ ያደረገው አናቢ ካላደረገው እኩል ይከፈለዋል።

ጉዳዩ ዛሬ መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማርን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዶሮ ጋር ከትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጎታል። ወረዳዎች የተሰራጨ ቀፎና የተመረተ ኪሎ ግራም እየቆጠሩ ሪፖርት ያቀርባሉ። መጠኑን ማሳደግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርቱ ሲጨምር ሁሉም በአንድ በርሜል የሚገባ ከሆነ የሚጨምረው የበርሜሉ ቁጥር እንጂ የአርሶ አደሩ ገቢ ላይሆን ይችላል።

ማር ሁሉ አንድ አይደለም

ንብ የምትቀስመው አበባ የማሩን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም ይወስናል። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን የሚሠራውና በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር አንድ ነው። በበጋው ግራዋ ሲያብብ የሚገኘው ማር ደግሞ ጠቆር ያለና መረር የሚል ሌላ ነው። የቁልቋል አበባ ማር ጉሮሮን ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ፣ የግራርና የብሳና ማርም የየራሳቸው መልክ አላቸው።

የሐይቅና የአምባሰል አካባቢ አቀማመጥ ይህን ልዩነት የበለጠ ያሰፋዋል። ከሐይቁ ዳርቻ የመስኖ ማሳና የፍራፍሬ ጓሮ ተነስቶ እስከ ደጋው አምባ ድረስ በአጭር ርቀት የአየር ንብረቱ ይቀያየራል። አበባውም ከቆላ እስከ ደጋ የሚያብብበት ወቅት ይለያያል። ይህ ማለት በአንድ አካባቢ ውስጥ በቀለምም በጣዕምም የተለያየ ማር በየወቅቱ ይገኛል ማለት ነው። ሌላው ዓለም ይህን ዓይነቱን ልዩነት እንደ ሀብት ቆጥሮ ይሸጠዋል።

ጠጅ ጣዩም ይህን ያውቃል። በልማድ ነጩ ማር ለገበታ፣ ቀዩ ለጠጅ ይመረጣል። አንድ ዓይነት ጌሾ፣ አንድ ዓይነት ጋንና አንድ ዓይነት እጅ ይዞ ማሩ ብቻ ቢቀየር ጠጁ ይቀየራል። ጠጅ የማር ወይን ነው፤ የወይን ጠጅ ጣዕም ከወይኑ ማሳ እንደሚመጣ ሁሉ የጠጅም ጣዕም ከአበባው ይመጣል። ነገር ግን በየከተማው ጠጅ ቤቶች ስኳርና ቀለም እየተጨመረ የሚሸጠው መጠጥ ይህን ልዩነት አጥፍቶታል። ንጹሕ የማር ጠጅ የሚጥል ሰው ማሩን ከየት እንዳመጣው ለደንበኛው ቢናገር ከስኳር ጠጁ የሚለይበት ማስረጃ ያገኛል። አናቢውም አብሮት ይጠቀማል።

በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ንብ ያነባል። ጠጅ የማይጠጣው ቤተሰብ ማሩን ለገበታ፣ ለብርዝና ለመድኃኒት ይፈልገዋል። ሰሙም ለጧፍ ይውላል። ስለዚህ የማሩ ስም መጠበቅ ለጠጅ ቤት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ትናንሽ ወይን አብቃዮች ምን አደረጉ?

በሀገራችን የወይን ጠጅ ኢንዱስትሪ በትልልቅ እርሻዎችና ፋብሪካዎች የተያዘ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ካስቴል ኩባንያ ደግሞ በባቱ (ዝዋይ) ባለማው የወይን እርሻ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ምርቶቹን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። የወይን ተክል ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል፤ መጥመቂያውና ማሸጊያውም ከፍተኛ ካፒታል ይጠይቃል። ግማሽ ሄክታር መሬት ላለው የአምባሰል አርሶ አደር ይህ መንገድ ቅርብ አይደለም። ቀፎ ግን በጓሮው ጥግ ይቀመጣል።

ቢሆንም ከውጭዎቹ ትናንሽ ወይን አብቃዮች የሚወሰድ ትምህርት አለ። በፈረንሳይ ሻምፓኝ አካባቢ ወይን የሚያለማው ገበሬ ሌላ፣ አሽጎ የሚሸጠው የንግድ ቤት ሌላ ነበር። ነጋዴዎች ከሌላ ክልል ርካሽ ወይን እያመጡ በሻምፓኝ ስም መሸጣቸው ገበሬውን አስቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ነገሩ ወደ አመጽ አመራ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፈረንሳይ የቦታን ስም የሚጠብቅ የሕግ ሥርዓት ዘረጋች። ከዚያ ወዲህ ከተወሰነው አካባቢ ያልመጣ ወይን በአካባቢው ስም ሊሸጥ አይችልም። ዛሬ በዚያው በሻምፓኝ የራሳቸውን ፍሬ ራሳቸው ጠምቀው በራሳቸው ስም የሚያሽጉ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። የጠርሙሱ ወረቀትም ያሸገው ገበሬው ይሁን ነጋዴው በምልክት ይለያል። ገዢው የአንዱን መንደር ከሌላው እየለየ ይፈልጋቸዋል።

እነዚህ ገበሬዎች ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር በብዛት አልተወዳደሩም፤ አይችሉምም። የተወዳደሩት በልዩነት ነው። ለዚህም ሁለት ነገር አስፈልጓቸዋል፦ ምርታቸውን ሳይቀላቅሉ መያዝና ስማቸውን በሕግ ማስጠበቅ።

ቡናው ያሳየው መንገድ

ኢትዮጵያ የስምን ዋጋ በቡና አይታዋለች። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በውጭ ሀገራት በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት ሲጠይቅ ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ክርክር ተነስቶ ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያውም የስሞቹን ባለቤትነት የሚያከብር የፈቃድ ውል ፈረመ። ስም ሀብት እንደሆነና ባለቤት ካልያዘው ሌላው እንደሚጠቀምበት ያ ክርክር አሳይቷል።

ለማርም በሩ ክፍት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር መላክ ከሚችሉ ሀገራት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 በማኅበር የተደራጁ አምራቾች በጋራ የሚጠቀሙበትን የወል የንግድ ምልክት ያውቃል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ደግሞ ዘርፉን የሚመራ ሕግ ነው። ስለዚህ ለአምባሰል ማር አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የጎደለው ምርቱን ለይቶ የሚይዝና ስሙን የሚያስመዘግብ ባለቤት ነው።

ስም ያለ ጥራት አይቆምም

ስም ማስመዝገብ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ስሙ የተለጠፈበት ማሰሮ ሲከፈት የቦካ ማር ከተገኘ ስሙ ይጎዳል። ብዙው የሀገራችን ማር አሁንም የሚገኘው ከባህላዊ ቀፎ ነው። ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም፣ ከዘመናዊ ቀፎ ደግሞ በጥሩ አያያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ከባህላዊው ቀፎ ሲቆረጥ ማሩ ከሰም፣ ከእጭና ከአበባ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ጠጅ ጣዩ ጥሬውን ማር ስለሚቀበል አናቢው ለመለየት አይገደድም። ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት ከ20 በመቶ አይበልጥም። ከዚያ ያለፈ ማር በማሰሮው ውስጥ መቡካት ይጀምራል። ንቦቹ የማሩን ቀዳዳዎች በሰም ሳይደፍኑ ከተቆረጠ እርጥበቱ ከፍ ይላል። በአንጻሩ የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተጨመረበት አይደለም። ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ የአንዳንድ አበባ ማርማ ቶሎ ይረጋል። ይህን ለገዢው የሚያስረዳ ባለመኖሩ ጥሩ ማር ይዞ ገበያ የወጣ አርሶ አደር ሲጠረጠር ይታያል።

ሦስተኛው የንቦቹ ደኅንነት ነው። የመስኖ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጫት በሚለማበት አካባቢ የሚረጭ ፀረ ተባይ መድኃኒት ንብን ይገድላል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የአንበጣ መንጋ ወሎን ሲመታ ሰብልን ለማዳን የተደረገው ርጭት ለአናቢዎች ሌላ ስጋት ይዞ መጥቶ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ደሴን ሲያዳርስ ወቅቱ ዋናው የማር መቁረጫ ጊዜ ነበር። ከሁለት ተከታታይ ጉዳት የሚያገግም አናቢ የቀረውን ጥቂት ማር በርካሽ መሸጥ አይገባውም።

ከወረዳ የሚጠበቀው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። የወረዳው ሪፖርት ከኪሎ ግራሙ ጎን ሌላ ጥያቄ መያዝ አለበት፦ ስንቱ ማር በቀበሌው፣ በወሩና በአናቢው ስም ተለይቶ ተሸጠ?

ይህን ለመጀመር ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። በአንድ ወይም በሁለት ቀበሌ ያሉ አናቢዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ የጋራ መሰብሰቢያ ቦታ፣ ክዳን ያላቸው ለምግብ የሚሆኑ መያዣዎች፣ ማጣሪያና አንድ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ለጅምሩ ይበቃቸዋል። እያንዳንዱ መያዣ ላይ የአናቢው ስም፣ ቀበሌው፣ የተቆረጠበት ወርና በወቅቱ ያበበው ዋና አበባ ይጻፍ። የኅዳሩ ከበጋው፣ የደጋው ከቆላው አይቀላቀል። የግብርና ባለሙያው መዝገቡን በየወሩ ይመልከት። በዚህ መልክ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተያዘ መዝገብ ለንግድ ምልክት ማመልከቻ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

ገበያው ሩቅ አይደለም። ወደ ግሸን በየዓመቱ የሚጓዝ ምዕመን አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንና ሐይቁን ሊያይ የሚመጣውም እንግዳ አለ። መስከረም 21 የሚውለው የግሸን በዓል ከዋናው የማር መቁረጫ ወቅት ትንሽ ቀደም ይላል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ምርት በጥሩ ሁኔታ ተጣርቶና ተከድኖ የተቀመጠ ማር ለዚህ ገበያ ሊደርስ ይችላል። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተያዘ የበሰለ ማር ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። እንግዳው የሚገዛው ከየት እንደመጣ የሚያውቀውንና ለቤተሰቡ የሚተርክለትን ማር ነው። የጸጥታው ሁኔታ እንግዳውን በሚያስቀርበት ዓመት እንኳ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ጠጅ ጣዮችና ቸርቻሪዎች በስሙ የሚታወቅ ማር ፈላጊዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የርጭቱም ጉዳይ በቀበሌ ደረጃ የሚፈታ ነው። አርሶ አደሩ አበባ ላይ እያለ እንዳይረጭ፣ መርጨት ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ እንዲረጭና ለጎረቤት አናቢ አስቀድሞ እንዲነግር በቀበሌ ስብሰባ ውል ሊታሰር ይገባል።

ከአናቢው የሚጠበቀው

አናቢው ያልበሰለ ማር ባለመቁረጥ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ በመለየትና ጭስ ባለማብዛት የማሩን መልክ ይጠብቃል። አሥር ቀፎ ያለው አርሶ አደር ሁሉንም ማሩን በአንድ ዓመት መለየት ባይችል ከሁለቱ የተሻሉ ቀፎዎች ይጀምር። ያንን ለብቻው አጣርቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ዋጋውን ከጥሬው ማር ጋር ያነጻጽር። ልዩነቱን ራሱ ሲያየው ሌላ ሰባኪ አያስፈልገውም።

የአምባሰል ስም በሙዚቃው፣ በታሪኩና በሃይማኖቱ ሲጠራ ኖሯል። ገደል ወርዶ ማር የቆረጠው ሰው ግን ከዚያ ስም የደረሰው ጥቅም ትንሽ ነው። መጪው ጥቅምት ማር መቁረጫው ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ መያዣዎች ስም ተጽፎባቸው ከቀበሌ ቢወጡ ይህ መቀየር ይጀምራል።