አሮጌዋ ቮልስና የንጋት ሐይቅ

‹‹የኔታ፥ ልጄን ለውኃ ሰጡብኝ›› እያሉ አንዲት እናት ባለፈው መስከረም ከደጃችን ቆሙ። እኒህ እናት በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ በመንደራቸው የተከበሩ፥ ነገርን ሳይመዝኑ የማይናገሩ ሴት ስለ ሆኑ ክሳቸው አስደነገጠን። ወደ ቤት አስገብተን ቡና ከቀረበ በኋላ ነገሩን ብንጠይቃቸው፥ በጋራዥ የሚሠራው ልጃቸው ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ማስመጣቱን፥ እርስዋንም በንጋት ሐይቅ ላይ እንደ ጀልባ ሊያስኬዳት መቍረጥና መበየድ መጀመሩን ነገሩን። ‹‹ይህን ማን አስተማረህ ብለው፥ የኔታ ናቸው አለኝ›› አሉና ዝም አሉ።

እውነቱን ለመናገር፥ አስተምረነዋል። ልጁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የአርኪሜድስን ሕግ ለማሳየት ባዶ የቲማቲም ጣሳ በሳፋ ውኃ ላይ አንሳፍፈን ነበር። ያን ጊዜ እጁን አውጥቶ ‹‹እንግዲያው መኪናም ይንሳፈፋል?›› ብሎ ጠየቀን። እኛም ‹‹ውኃ ካላስገባ ለምን አይንሳፈፍም?›› ብለን መለስን፤ ወዲያው ደወል ተደወለና ወጣን። መምህር የሆነ ሁሉ እንዲህ ያለ በችኮላ የተሰጠ መልስ አያጣም፤ ጥቂቱ ብቻ ነው ከስምንት ዓመት በኋላ ብረት ሆኖ ተበይዶ የሚመጣው።

ልጁን በምኞቱ ልንወቅሰው አንችልም። አሶሳ ከዓባይ ወዲህ ናት፥ መተከል ከዓባይ ወዲያ ነው። ጥንት ተሻጋሪው ድልድይ በሌለበት ስፍራ በነፋስ የተነፋ ቆዳ ታቅፎ፥ ወይም ከእንጨት በተፈለፈለ ታንኳ፥ አዞውንና ጉማሬውን እየፈራ ይሻገር ነበር። በጉባ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ፥ ሙሌቱም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ግን ጠባቡ ሸለቆ ሐይቅ ሆነ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ፥ ስፋቱም የጣናን ግማሽ የሚያህል ነበር። በድንጋይ ወርውረው ሊያሻግሩት ይቃጡ የነበረውን ውኃ ዛሬ ወዲያ ማዶውን ለማየት ዓይንን ማጥበብ ያስፈልጋል። ወጣት ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ ሲፈጠር አይቶ ዝም ካለ የሚያሳዝነው ያን ጊዜ ነው።

የመረጣትም መኪና ያለ ነገር አልመረጣትም። የቮልስ ወለል ከሥር እንደ ትሪ የተደፈነ አንድ ብረት ነው፤ ራዲያተር የላትም፥ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1942 እስከ 1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ከዚሁ ዘር ‹‹ሽቪምቫገን›› የሚሉትን የየብስና የውኃ መኪና ከ14,000 በላይ ሠርተዋል። ሞተሩ የ25 ፈረስ ጕልበት ነበረው። ከኋላ ወደ ውኃ የሚወርድ ፕሮፔለር ነበረው፤ መሪውም ያው የፊት ጎማ ነበር፥ ጎማው በውኃ ውስጥ ሲዞር መኪናዋም ትዞራለችና። በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ማልኮልም ቡካናን የሚባል እንግሊዛዊ አንዲት ቮልስ ደፍኖ፥ ፕሮፔለር ገጥሞላት፥ ከማን ደሴት ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝ ምድር ደርሷል።

ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀውን አንድ ነገር ግን እኛ ነገርነው፦ በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ የአሜሪካ የስፖርት መጽሔት ምንም ያልተነካች ቮልስ ወስዶ ፍሎሪዳ ውስጥ ውኃ ላይ አስቀመጣት። ተንሳፈፈች። ከ29 ደቂቃ በኋላ ግን ሰጠመች። በሐይቁ ላይ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ፥ በ29 ደቂቃ የምትደርሰው ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መመለሻውም አልታሰበም።

ወደ ግቢያቸው ሄደን ሥራውን ባየን ጊዜ ግን፥ አንባብያን ይፍረዱን፥ ልንከለክለው የሄድነው ሰዎች ጎንበስ ብለን መለካት ጀመርን። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲሞከር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት ከአሮጌ ቮልስዋገን በተወሰደ ሞተር ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ አውጥቷል። ስሙንም ‹‹ኬ-570ኤ›› ብሎታል፤ ቍጥሩ የፈጀበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ አውሮፕላኑ ከመሬት አልተነሣም። ሆኖም ከምድር ያልተነሣ አውሮፕላን ሠሪውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ከሐይቅ መካከል የሞተ መኪና እንዲህ አያደርግም።

ስለዚህ እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። መኪናዋ 800 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ልጁ የጨመረው ላሜራ፥ ፕሮፔለሩና ፓምፑ 120 ኪሎ፤ እርሱና አንድ ጓደኛው 130 ኪሎ። በጠቅላላው 1,050 ኪሎ ሆነ፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውኃ መግፋት አለባት ማለት ነው። ውኃውን የሚገፋው የወለሏ ስፋት ሦስት ካሬ ሜትር ተኩል ነው ብንል፥ ውኃው ከወለሉ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ከዚያ በታች ነው። ሽቪምቫገን በር ያልተሠራለት ለዚህ ነው። ልጁም ይህን ሲያይ ሁለቱን በሮች በየዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገባው በመስኮት ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለ ሆነ ጅራቷ እንዳይሰጥምም፥ ከኋላ ወንበር ሥር የነበረውን ባትሪ ወደ ፊት አዛወርነው።

የፍሬን ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ፥ የማርሽ ዘንጉ፥ የሙቀት መስጫው ቱቦ፥ እነዚህ ሁሉ በጎማና በማስቲሽ ተደፈኑ። ኖኅ መርከቡን ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንደ ለቀለቀ እናቲቱ ከደጅ ሆነው አስታወሱን፤ ልጁም ከውስጥ በኩል ሌላ ቅብ ጨመረ። ትልቁ ችግር ግን የመጣው ማንም ካላሰበው ስፍራ ነው። የቮልስ ሞተር ንጹሕ አየር በላይ ይስባል፥ ትኵሱንም አየር በታች ይተፋል። ከታች ክፍት ሆኖ ቢቀር ውኃ ይገባበታል፤ ልጁ እንዳደረገው በላሜራ ገንዳ ቢዘጋ ደግሞ ትኵሱ አየር መውጫ አጥቶ ተመልሶ ሞተሩን ያነደዋል። እኛ ‹‹በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ለውኃ ይመቻል›› ብለን ነበር፤ ነገሩ ግን እንደ ተገላቢጦሽ ሆነ። ትኵሱ አየር በቆርቆሮ ቦይ ተመርቶ ከኋላ ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ያሻል፤ ይህም የብዙ ሳምንት ሥራ ነው።

በዚህ መካከል እናቲቱ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ‹‹የኔታ፥ ውኃ ይገባል አይገባም የምትሉትን ተዉትና፥ የገባ እንደ ሆነስ?›› አሉን። በእውነቱ ይህን አላሰላነውም ነበር። ብናሰላው እንዲህ ሆነ፦ ብረት በውኃ ውስጥ ከክብደቱ አንድ ስምንተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ውኃ የሞላት 800 ኪሎ መኪና 700 ኪሎ ሆና ወደ ታች ትስባለች። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን፥ አፉ በደንብ ከተከደነ፥ ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል። እንግዲህ 35 ጀሪካን ያስፈልጋል። ከፊት ባለው የዕቃ ሣጥን፥ በኋላው ወንበር ስፍራ፥ ከጣራውም ሥር ሁሉ ብንጠቀጥቅ በግድ ይገባል፤ ነገር ግን ከነጂው በቀር ለሌላ ሰው ስፍራ አይተርፍም። ልጁ ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ መንገደኛ አመላልሶ ገንዘብ አገኛለሁ የሚል ሐሳብ ነበረው። ያን ቀን ሳንከራከረው ሐሳቡን በገዛ እጁ ከወረቀቱ ላይ ሰረዘው። መንገደኛ መጫን ፈቃድና ምርመራ የሚጠይቅ መሆኑንም ነግረነው ነበር፤ እርሱን ያሳመነው ግን ጀሪካኑ ነው።

ጀሪካኖቹን የሰበሰቡት እናቲቱ ናቸው። ከየጎረቤቱ እየተዋሱ፥ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ምልክት በክር አሰሩበት፤ የቡና ማኅበራቸው ለሦስት ቀን ውኃ በባልዲ ቀዳ።

ሙከራው በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ጧት፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ሆነ። ጥልቀቱ በደረት ልክ ነው። ከፊትና ከኋላዋ ገመድ ታስሮላት፥ ስድስት ጎልማሶች ይዘውት ገባች። ጎማዋ ከጭቃው ሲላቀቅ መኪናዋ እንደ ሰከረ ሰው አንድ ጊዜ ተንገዳግዳ ቀጥ አለች። ሕፃናቱ እልል አሉ፤ እኛም፥ ምን እንደብቃለን፥ ከሕፃናቱ አላነስንም። ፕሮፔለሩ ኩሬውን ሁለት ጊዜ አዞራት። በ14ኛው ደቂቃ የትኵስ ዘይት ሽታ መጣ፥ በፍሬን ገመዱ ቀዳዳም ውኃ ይገባ ጀመርና በገመድ ጎትተን አወጣናት።

እናቲቱ ጀሪካኑን እያወረዱ ሲቈጥሩ 34 ሆነ። አንደኛው በመስኮት ወጥቶ በኩሬው መካከል ይንሳፈፋል። ልጁ ሊያመጣው ወደ ውኃው ገባ፤ ውኃው ከወገቡ ሲያልፍ ግን ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ በቀስታ፥ መሬቱን በእግሩ ጣት እየዳበሰ መሄዱን አየን።

‹‹መዋኘት አትችልም እንዴ?›› አሉት እናቱ ከዳር ሆነው።

አልመለሰም። እኛም በአራት ወር ውስጥ ይህን አንድ ጥያቄ አልጠየቅነውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቮልሷ ግቢ ውስጥ በእንጨት ላይ ተሰቅላ የቆርቆሮ ቦይዋን ትጠብቃለች። ልጁም ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው ኩሬ 35ኛውን ጀሪካን አቅፎ እግሩን ያማታል፤ በዳቡስ ወንዝ ዳር ያደገ አንድ የበርታ ተወላጅ ጓደኛው ያስተምረዋል። እናቲቱ ከዳር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኛም ሱሪያችንን እስከ ጕልበታችን ጠቅልለን አብረን መማር ጀምረናል።