የኤሌክትሪኩ መኪና ከሹሙ በፊት ለገበያተኛው

እንደሚታወቀው ሁሉ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ታዲያ ይህ መኪና በጂንካና በገዘር ሲበዛ በመጀመሪያ ማንን ያገልግል? የሹም መመላለሻ ይሁን ወይስ የኮረሪማ ጆንያ መጫኛ? እኛ ዛሬ ካልተነጋገርንበት መልሱን ሌላ ሰው ይሰጥልናል።

የኔ አሳብ ግልጽ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጠባዩ ከሁሉ ይልቅ ለገበያ ጭነት ይስማማል። ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው በየደረሰበት ቻርጅ ማድረጊያ መፈለግ አለበት። የገበያ መኪና ግን መንገዱም ቀኑም የታወቀ ነው፤ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ። ማታ ከግቢው ይገባል፤ ሌሊቱን ባትሪው ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ወተት በየደጁ ያድሉ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች በኤሌክትሪክ ይሠሩ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገዳቸው አጭር፣ ማደሪያቸውም አንድ ነበርና።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አነስተኛ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጂንካ ቀይ አፈር ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ይህንም 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ መሙያ በ3 ሰዓት ያህል ይተካዋል። ደግሞም ከአሪ ደጋ ቡና፣ ቆጮና ኮረሪማ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ፍሬን እየያዘ ለባትሪው ኃይል ይመልሳል። ጭኖ ለሚወርድ፣ ቀሎት ለሚወጣ መኪና ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። የናፍጣው መኪና ከቁልቁለቱ የሚያገኘው ፍሬን መጨረስ ብቻ ነው።

ከሒሳቡ በላይ የፍትሕ ነገር አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ግቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያገኘው ከኦሞ ውኃ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት ዳሰነችና ካሮ ግን የጥንቱን ሙላት አጥተዋል። ኃይሉ በሽቦ ወደ ሩቅ ከተማ ያልፋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደተባለው የኦሞን ልጅ መብራት ሊጠማው ይገባልን? ከኃይሉ ጥቂቱ እንኳ የገበያውን ጭነት ቢያነሣለት ብድር መመለስ እንጂ ችሮታ አይባልም።

«መብራቱ እየጠፋ ምን መኪና?» የሚል አይታጣም። እውነት አለው። ነገር ግን ናፍጣውም ከባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ሲዘገይና ሲወደድ ኪሳራው መጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጆንያ ላይ ነው። 200 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ባትሪ ያለው መኪና በ80 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አንድ ሌሊት መብራት ቢያጣ አይቆምም። ሌሊቶቹ ከተደጋገሙ ግን ይቆማል። የባትሪው ዋጋም ለአንድ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ በመላ ምት ከመከራከር በሥራ እንፈትነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ መኪና ብቻ ይግዛ፤ ዩኒቨርሲቲው የማደሪያና የመሙያ ቦታ ይስጥ፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ እንያዝ። ስንት ኩንታል ጫነ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? መብራት የጠፋው ስንት ሌሊት ነው? ምን ተሰበረ? ማን ጠገነው? መዝገቡ ኪሳራ ካሳየ በግልጽ እንናገር፤ ትርፍ ካሳየም ሁለተኛውን ለመግዛት ማስረጃ ይሆናል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ጓደኞቼ! ከበራችን ውጭ ያለው ገበሬ ከእኛ ንግግር አይጠብቅም። ጆንያው ሳይበሰብስ ገበያ የሚደርስበትን ብልሃት ግን ይጠብቃል።