ድምፁን ቀንሱት፣ መስኮቱን ክፈቱት

ቅዳሜ ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሙዚቃ ልሰማ አንድ ቤት ሄድኩ (ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ይህን ዓምድ ያነባል)። በሩ ላይ የቆመው ጎረምሳ ያችን የሙቀት መለኪያ ግንባሬ ላይ ደገነብኝ። እኔና መለኪያዋ ከኮቪድ ወዲህ ተገናኝተን አናውቅም ነበር። “ጋሼ፣ ሠላሳ ሦስት ነዎት፤ ይግቡ” አለኝ። ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ለሆነ ሰው አምቡላንስ ይጠራለታል እንጂ ጠረጴዛ አይሰጠውም። መዳፌ ላይ ሳኒታይዘር ጠብ አደረገልኝና ደረጃውን ወርጄ ገባሁ።

ውስጡ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል፤ አጠገቤ ሦስት ጓደኛሞች አንድ ብርጭቆ ይቀባበላሉ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ያስነጥሳል፣ ይደንሳል፣ ደግሞ ያስነጥሳል። በሩ ላይ የነበረው ጥንቃቄ ሁሉ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ የመጣው ከጂንካው ዜና ጋር ነው። ጤና ሚኒስቴር ኅዳር 5 ቀን 2018 የማርበርግ በሽታ እዚያ መከሰቱን ሲያረጋግጥ ቦሌ ትንሽ ደንግጣ ነበር። በሽታውን ማቃለሌ አይደለም፤ ክፉ ገዳይ ነው፣ ፈቃድ ያገኘ ክትባትም የለውም። ግን የሚተላለፈው የታመመ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ነው። ጂንካን ፈርቶ የኮንሰርት ቲኬቱን ለሌላ የሸጠ ወዳጅ አለኝ፤ በማግስቱ ከመገናኛ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ከሚያስል ሰው ጎን ተቀምጦ ሄደ። ቦሌ ማታ ማታ የምታከፋፍለው ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ርዝራዥ ነው። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው በአየር ነው የሚመጡት፤ መዳፍ ላይ በተንጠባጠበ ሳኒታይዘር አይቆሙም።

የቆዩ አንባቢዎቼ ወዴት እንደማመራ ገብቷቸዋል። አዎ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው ነው። ጆሮ ይጎዳል ብዬ ጻፍኩ፣ የሚሰማኝ አጣሁ። ጎረቤት ይረብሻል ብዬ ጻፍኩ፣ “ጋሼ አርጅተዋል” ተባልኩ። አሁን በሳንባ በኩል መጥቻለሁ። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከአፉ የሚረጨው ብናኝ እንደሚበዛ ተመራማሪዎች ለክተውታል። ሙዚቃው ሲያደነቁር “ምን አልሽ?” ለማለት እንኳ ጆሮዋ ሥር ገብቶ መጮኽ ግድ ነው። ስኮትላንዶች ይህ ገብቷቸው ነሐሴ 2012 መጠጥ ቤቶቻቸው ሙዚቃ እንዳያሰሙ ከለከሉ፤ ሰው እንዳይጮኽ ብለው። እኔ ይከልከል አላልኩም፤ ይቀነስ ነው ያልኩት።

የድምፁ ጣጣ በዚህም አያበቃም። ቤቶቹ መስኮት የሚዘጉት ለምን እንደሆነ አንዱን ባለቤት ጠይቄው “ብንከፍት ጎረቤት ይከሰናል” አለኝ። እውነቱን ነው። ማታ ለንግድ አካባቢ የተፈቀደው 55፣ ለመኖሪያ ሰፈር 45 ዴሲቤል ነው፤ የእሱ ቤት ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሚያልፍ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ድምፁን ላለመቀነስ አየሩን ዘጋ። ንፋስ ያማል የሚለው እምነታችን ደግሞ አግዞታል፤ በታክሲ ውስጥ “መስኮቱን ዝጉልን፣ ምች ይመታናል” የሚል እንጂ “ክፈቱልን” የሚል ተሳፋሪ ብርቅ ነው። ኅዳር ሲታጠንም ያው ነን። በ1911 ያ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያረግፋት የቀረልን ልማድ ጭስ ነው። ባለፈው ኅዳር 12 ከገርጂ እስከ ሰሚት ቆሻሻው ነደደ፣ እኛም በሽታን እያባረርን እስኪነጋ ሳልን።

ሙዚቃና በሽታ እዚህ ሰፈር አንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ መስከረም 2000 በብላክ አይድ ፒስ ተሟሸ፣ በወሩ ቢዮንሴ መጣች። በ2012 ያው አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። አንድ ዘመዴ እዚያ ተኝቶ ነበር። ትንፋሹ ሲመለስለት የመጀመሪያ ሥራው የቢዮንሴ መድረክ በየት በኩል እንደነበር ለነርሷ ማሳየት ሆነ። ነርሷ በዚያ ዘመን አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ “እሺ አባቴ፣ ኦክስጅኑን አያውልቁት” አለችው። ዛሬም ኮንሰርት በሄደ ቁጥር “አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር” እያለ አጠገቡ የቆመውን ያስደነግጣል። እሱ ብቻ ነው እስካሁን ማስክ አድርጎ የሚጨፍር፤ ወጣቶቹ ይስቁበታል። ይሳቁ። እሱ ሲያስለው ቤቱ ይቀራል፤ ከኋላዬ የነበረው ልጅ ግን አልቀረም።

“ሙዚቃ ካልጮኸ አይሞቅም” ለሚሉኝ መልሴ አዝማሪ ነው። አንድ ማሲንቆ ይዞ፣ ያለ አንዳች ማጉያ፣ ቤት ሙሉ ሰው ያስቃል፤ የከረባትህን ቀለም ጠቅሶ ይሰድብሃል፣ አንተም ትሸልመዋለህ። ችግሩ ሽልማቱ ላይ ነው። ስንት እጅ የዞረ ብር በላብ የራሰ ግንባር ላይ እንለጥፋለን፤ ብሩ ወድቆ ይነሣል፣ ዞሮ የቢራ መልስ ሆኖ እኛው እጅ ይገባል። መስከረም 2013 ብሮቹ ሲቀየሩ ለጥቂት ሳምንት ንጹሕ ብር ለጥፈን ነበር። አሁን ያሉትን አሽትታችሁ እዩ።

ቴሌብር እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል ብዬ አንዱን አዝማሪ ጠየቅሁት።

“ጋሼ፣ ቴሌብር ሲገባ ኪሴ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሰው አያይም” አለኝ። “ሰው ካላየ ደግሞ ቀጣዩ አይሸልምም።”

“እንግዲያው የሸላሚው ስም በማይክ ይጠራ።”

ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስተኛና አየኝ። “ማይክ ላስገባ? ድምፁንስ ምን ያህል ከፍ ላድርገው?”