ለሠርግም ቱታ፣ ለለቅሶም ቱታ?



እንደምታውቁት ማኅበራችን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ጎረቤቶቻችን ልብስ ያድላል። ገንዘቡ ከእያንዳንዳችን ኪስ የወጣ ነው። ዘንድሮም መዋጮው ተሰብስቧል፤ ግዢው ግን ገና አልተፈጸመም። ሳይፈጸም አንድ ነገር መነገር አለበት ብዬ ይህን ጽሑፍ ለሰሌዳው አቅርቤአለሁ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ለመሆኑ ባለፉት ዓመታት የታደለው ምንድን ነው? ቱታ! አምናም ቱታ፣ ካቻምናም ቱታ። ያውም ሁሉም በአንድ ቀለም፣ በሁለት ቁጥር ብቻ፤ ትልቅና ትንሽ። ከመርካቶ በጅምላ ይመጣል፣ በፌስታል በፌስታል ይደረጋል፤ ከዚያም ተቀባዮቹ በስማቸው እየተጠሩ ሰው ፊት ይወስዳሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ ያ ቱታ ምን ላይ እንደዋለ የጠየቀ አንድም የኮሚቴ አባል እስካሁን አላየሁም።

ቱታ ለምን ተመረጠ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ለመልበስ አይከብዳቸውም፣ ወገቡ ላስቲክ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ላስቲክን እኔም አልጠላም። ነገር ግን ሰው ቱታ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል? ቱታ ለብሶ ለቅሶ ይቀመጣል? ለሥራ ፈተና የተጠራ ሰው በቱታ ይቀርባል? እናንተ ልጃችሁን ስትድሩ ቱታ ለብሳችሁ እንግዳ ትቀበላላችሁ? በክራንች የሚሄደው ጎረቤታችን ከዕድር ድንኳን ሲቀር ሁላችሁም ምክንያቱ እግሩ ነው ትላላችሁ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ እግሩ ድንኳኑ ድረስ ያደርሰዋል፤ ያስቀረው ሱሪው ነው።

«ይህ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ለራሱ ገበያ ነው የሚጮኸው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራውን ለእኔ አትስጡኝ፤ በሰፈራችን ሲንጀር ያለው ሰው ሞልቷል፣ ለእነሱ ስጡ። የምናገረው ግን ከሜትሬና ከመቀሴ ያየሁትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቅ ተሰቅሎ የሚሸጥ ልብስ ሁሉ የተቆረጠው ለቆመ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ ለሚውል ሰው ያ አቆራረጥ አይሆንም። ሲቀመጥ ሱሪው ከኋላ ይወርድና ጀርባው ይጋለጣል፤ ከፊት ደግሞ ጨርቁ ሆዱ ላይ ይከመራል፤ እግሩ ወደ ላይ ይሰበሰብና ቁርጭምጭሚቱ ለብርድ ይወጣል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ የኋላ ኪስ ነው። በአከርካሪው ላይ በደረሰ ጉዳት ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው የኪስ ጠርዝ ላይ፣ ወፍራም ስፌት ወይም የብረት ቁልፍ ላይ ለሰዓታት ቢቀመጥ አያመውም። ስለማያመው ቦታ አይለውጥም። ቦታ ስለማይለውጥ ደም እዚያ ሥጋ ውስጥ አይዘዋወርም፤ ቆዳው ይበስልና ይቆስላል። ይህ ቁስል እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ ሲመረዝ ሰው ይገድላል። እንግዲህ እኛ አዝነን የምንሰጠው ልብስ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። አንድ ኪስ ነቅሎ ስፌቱን መዳመጥ የስንት ደቂቃ ሥራ ነው?

ለተቀመጠ ሰው የሚሰፋ ሱሪ የኋላ ወገቡ ከፍ ይላል፣ የፊቱ ዝቅ ይላል፣ እግሩ ይረዝማል፤ ኪሱ ጭን ላይ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሆናል። ኮቱ ከፊትም ከኋላም ያጥራል፤ ካልሆነ ግን ወንበሩ ላይ ይታጠፍና ሰውየውን ጎባጣ ያስመስለዋል። ዊልቸሩን በእጁ ለሚገፋ ሰው እጅጌው ጫፍ ላይ ጠበብ ማለት አለበት፤ አለዚያ ጎማው ያቆሽሸዋል፣ ይበላዋልም። የሴቶቹስ? ነጠላ በትከሻ ተጥሎ ሲሄዱበት ያምራል፤ ዊልቸር ላይ ግን ጫፉ ወርዶ በጎማው ሽቦ ይጠመጠማል፤ ሰውን አንቆ ሊጥል ይችላል። ነጠላውን ትከሻ ላይ በአንዲት ትንሽ የክር ቀለበትና በቁልፍ ከቀሚሱ ጋር ማያያዝ ይበቃል። ጥለቱም አይጎዳም፣ መልኩም አይቀየርም።

በክራንች የሚሄድ ሰው ሸሚዙ ሁልጊዜ የሚቀደደው ከብብቱ ነው። ብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ቢገባለትና ከውስጥ ቢደረብለት ዓመት ይቆያል። በፖሊዮ ምክንያት እግሩ ላይ የብረት ድጋፍ የሚያደርግ ሰው ሱሪው ጉልበቱ ላይ ከውስጥ በኩል ይበላል፤ እዚያም መደረብ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ደግሞ እግሩ ቆርቁሮት ሊያስተካክል ሲፈልግ ሱሪውን ሙሉ በሙሉ ማውለቅ አለበት። የት? መንገድ ላይ? መሥሪያ ቤት ውስጥ? በውስጥ ስፌቱ በኩል ከታች እስከ ጉልበቱ በላይ ዚፕ ቢገባለት ለማንም ሳይታይ ጨርሶ ይወጣል። በአንድ እጁ ብቻ ለሚለብስ ሰው ቁልፉ ላዩ ላይ ለዓይን ይሰፋል፤ ከሥሩ የሚይዘው ግን የሕፃናት ጫማ ላይ ያለው፣ ሲላቀቅ ጨርር የሚለው ማጣበቂያ ነው። (ይህን ማጣበቂያ የፈለሰፈው የስዊስ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 አደን ውሎ ሲመለስ ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀውን እንደ ጭጎጎት ያለ ነገር አይቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። እኛ በጭጎጎት ስንት ዘመን ተለክፈናል!)

ይህ ሁሉ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሚንዲ ሻየር የምትባል አሜሪካዊት የልብስ ንድፍ ባለሙያ ጡንቻን የሚያደክም ሕመም ያለበት ልጅ አላት። ልጁ ቁልፍና ዚፕ ስለሚያስቸግሩት በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚሄደው ቱታ ለብሶ ነበር። ልብ በሉ፣ እዚያም ቱታ! አንድ ቀን ግን እንደ ጓደኞቹ ጂንስ መልበስ እንደሚፈልግ ነገራት። እናትየው ቁጭ ብላ የጂንሱን የጎን ስፌት ፈታች፤ የእግሩ ድጋፍ እንዲገባ አድርጋ በማጣበቂያ ዘጋችው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚሁ ጉዳይ ድርጅት አቋቋመች፤ በ2016 ደግሞ ከቶሚ ሂልፊገር ኩባንያ ጋር ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የተነደፈ ልብስ ገበያ ላይ ዋለ። ቁልፉ ለዓይን ነው፤ የሚይዘው ከሥሩ ያለ ማግኔት ነው። (ማግኔት ግን የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀም።) ሥራው የተጀመረው በፋብሪካ ሳይሆን በአንዲት እናት እጅ ነው። በእኛ ሰፈር ስፌት መፍታት የሚያቅተው ማን ነው?

ስለ ጫማም ልናገር፤ ጫማ የባሰ ነውና። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው፣ የሥጋ ደዌ ለያዛቸው ሰዎች ሕክምና የታወቀ ነው። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተ የእግር ስሜት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስሜት የሌለው እግር ጠጠር ሲወጋው፣ ሚስማር ሲገባበት አያውቅም። ስለዚህ ውስጡ ለስላሳ ጎማ፣ ታችኛው ጠንካራ የሆነ ሰፊ ጫማ ያስፈልገዋል። ችግሩ እንዲህ ዓይነቱ ጫማ ከሩቅ የሚለይ ሆኖ ሲሠራ ነው። ጫማው ገና በር ሲገባ የሰውየውን ሕመም ለሰው ሁሉ ይናገራል። በዚህም የተነሣ በየአገሩ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ወይም በሚቆረቁረው ተራ ጫማ መሄድ የመረጠ፣ ቆስሎም እግሩን ያጣ ሰው ብዙ ነው። እንግዲህ «መልክ ቅንጦት ነው፣ ዋናው አገልግሎቱ ነው» የምትሉ እዚህ ላይ መልስ ስጡ። ሰው የማያደርገው ጫማ ምን አገልግሎት አለው? ያንኑ ለስላሳ ጎማ በተራ ጥቁር ቆዳ ጫማ ውስጥ ቢሰፉት ማን ያውቃል?

ማቲው ዋልዘር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከተወለደ ጀምሮ እንቅስቃሴን የሚያውክ ሴሬብራል ፖልሲ የሚባል ጉዳት አለበት። በ16 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ለናይክ ኩባንያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ልብሱን ሁሉ ራሱ ይለብሳል፣ የጫማ ማሰሪያ ግን በየቀኑ ሰው ያስርለታል። ደብዳቤው ተሰምቶ በ2015 ተረከዙን ዞሮ በዚፕ የሚከፈት ጫማ ወጣ። ዋጋው ለእኛ ኪስ አይሆንም፤ ይቅር። የማሰሪያውን ቦታ በላስቲክ የሚተካ ጫማ ሰፊ ግን መንገድ ዳር ተቀምጧል።

አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ያነሡትን ልመልስ። «ጊዜው የቴክኖሎጂ ነው፤ ጨርቁን ትተን የሚለበስ ዘመናዊ መሣሪያ እንግዛ» ይላሉ። መሣሪያውን አልጠላም። ነገር ግን መሣሪያ የሚለበስ ከሆነ እሱም ልብስ ነው፤ ሕጉም የልብስ ሕግ ነው። መነጽርን ተመልከቱ። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሲያደርግ አካል ጉዳተኛ ነው የሚለው አለ? የለም፤ እንዲያውም የተማረ ያስመስለዋል። ለምን? መነጽር መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ሰው ፍሬሙን መርጦ የሚገዛው ጌጥ ስለሆነ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን መርጃ ደግሞ እዩት። ለረጅም ዘመን «የቆዳ ቀለም» እየተባለ ሮዝማ ሆኖ ሲመጣ ኖረ። የማን ቆዳ? በጥቁር ጆሮ ላይ ከሩቅ ሲያበራ ልጅቱ በሻሽ ትሸፍነዋለች፤ ሲሸፈን ይጮኻል፤ ሲጮኽ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ገንዘቡ እዚያ ቀረ።

ደግሞስ ያለንን መሣሪያ መች ተጠቀምንበት? ዓይነ ስውር ጎረቤቶቻችን ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ የእጅ ስልክ ይዘዋል። በአንድ እጅ ምርኩዝ፣ በሌላው ስልክ ከተያዘ በምን እጅ ታክሲ ይከፈታል? ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ መድፈን ደግሞ የመኪናን ድምፅ ማጥፋት ነው። ደረት ላይ ወደ ላይ የተጋደመ፣ የስልኩ ድምፅ የሚወጣበት በኩል ክፍት የሆነ፣ ሌባ በቀላሉ የማይጎትተው ኪስ ስፉላቸው፤ ይኸው የሚለበስ ቴክኖሎጂ! ማታ በክራንች ለሚገባውም የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ላይ ያለውን የሚያበራ ጨርቅ በቀጭኑ ቆርጦ የኮቱ ጠርዝ ላይ መስፋት ይቻላል። ሰደርያውን እንዳለ አትስጡት፤ ትራፊክ መስሎ መዞር አይፈልግም።

በሕግም ቢሆን አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ዕቃ ሲነደፍ ከመጀመሪያው ለሁሉም ሰው እንዲሆን አገሮች ጥናትና ሥራ እንዲያካሂዱ ወይም እንዲያበረታቱ ግዴታ ያስገባል። ይህ ወረቀት ሰፈራችን ድረስ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

የገንዘብ ነገር ይነሣል። ቱታው የሚገዛበት ገንዘብ ለሁሉም ሙሉ አዲስ ልብስ አያሰፋም፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን አዲስ ልብስ ማን ጠየቀ? ብዙዎቹ ቤታቸው የተሰቀለ ደህና ኮትና ሱሪ አላቸው፤ የማይለብሱት ስለማይሆናቸው ነው። የሌለው ከሰልባጅ የሚወደውን ይምረጥ። አንድ ዚፕ፣ አንድ ክንድ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጨርቅና የግማሽ ቀን እጅ ነው የሚጨመረው። «የተሰጠውን ይልበስ እንጂ ምን ያማርጣል» የሚለውን አነጋገር ግን በስብሰባ ላይ ሁለተኛ መስማት የለብንም። መዋጮው የማኅበሩ ነው፤ እነሱም የማኅበሩ አባላት ናቸው፣ እንደ እኛው ይከፍላሉ።

ስለዚህ በበኩሌ የምጠይቀው ይህን ነው። የቱታው ግዢ ይቁም። ልኬት በየቤቱ ተኪዶ ይወሰድ፤ ሰውየው በሚውልበት ሁኔታ፣ ተቀምጦ ከሆነ ተቀምጦ፣ በክራንች ከሆነ ክራንቹን ይዞ። ሲለካም «ልብሱን የት ልትሄድበት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ቀለሙንም ራሱ ይምረጥ። ርክክቡ ያለ ፎቶግራፍ ይሁን። የግዢ ኮሚቴው ውስጥም ክራንች የሚይዙና ዊልቸር የሚገፉ ሰዎች ይግቡ፤ ብብቱ የት ላይ እንደሚቀደድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኮሚቴው እሑድ ከቀትር በኋላ ይሰበሰባል። የአዳራሹ መግቢያ ሦስት ደረጃ ስላለው ስብሰባው ውጭ ግቢው ውስጥ ይደረግ ብለን በጽሑፍ ጠይቀናል። እስካሁን መልስ አልተሰጠንም።

አንድ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ