ቆላ በኮት

ዘናጭ ማለት ምን ማለት ነው? እንደኔ እንደኔ ልብሱ ከገላው፣ ከቦታውና ከወቅቱ ጋር የተስማማለት ሰው ነው። አሁን አሁን ግን ዘናጭ የሚባለው ብዙ የደረበ ሆኗል። አልተቀበላችሁኝም? እንግዲያው ወደ ራያ ቆላ የሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ያለውን ተሳፋሪ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ባለ ገበር ኮቱን ግጥም አድርጎ ቆልፏል። ሌላው ከእግሩ ጋር አብሮ የተሰፋ የሚመስል ጂንስ አጥልቋል። ሦስተኛዋ አየር የማያስገባ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዙ ረዥም ጫማ ተጫምታለች። ቆቦ መናኸሪያ ሲወርዱ ግን የሁሉም ንግግር አንድ ነው፦ «ኧረ ይኼ አገር እንዴት ይሞቃል!»

አገሩማ ይሞቃል፤ ቆላ ነዋ! ቆቦ ደግሞ ቆላነቷን ከማንም ደብቃ አታውቅም። ጥፋቱ ለአዲስ አበባ ካፌ የለበሱትን ይዘው የወረዱት እንግዶች ነው።

ጎበዝ፣ የዚህን መንገድ ጠባይ እስቲ አብረን እንየው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ይደርሳል፤ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ይዘላል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርድና 1,300 አካባቢ ያደርሳችኋል። ኮምቦልቻን አልፋችሁ ደሴ ስትገቡ ተመልሳችሁ 2,500 ላይ ናችሁ። በመርሳ ቆላ፣ በወልድያ አድርጋችሁ ቆቦ ስትደርሱ 1,470 ገደማ ይሆናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ በአንድ ጉዞ ውስጥ ደጋውም፣ ወይና ደጋውም፣ ቆላውም ሁለት ሁለቴ ተዳረሰ ማለት ነው። ለዚህ መንገድ ሲወልቅ እጥፍ ብሎ ጉልበት ላይ የሚቀመጥ፣ ሲፈለግ ተመልሶ የሚደረብ ልብስ ያሻል።

የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው ልብስ ከጥንትም በቤታችን አለ። ጋቢ ጣርማበር ላይ ብርድ ልብስ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ተጣጥፎ ትራስ ይሆናል። ነጠላ ደሴ ላይ ትከሻ ይሸፍናል፣ ቆቦ ላይ ፀሐይ ይከላከላል፣ አቧራ ሲነሳ አፍና አፍንጫ ይጋርዳል። የፈረንጅ የፋሽን መጽሔት «ለተጓዥ የሚሆን ተደራራቢ አለባበስ» እያለ ገጽ የሚፈጅበትን ጉዳይ አያቶቻችን ያለ መጽሔት ጨርሰውታል። እኛ ግን ነጠላን ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ወስነን፣ ለመንገድ ኮት እናወጣለን!

የጨርቁ ነገርም አለ። ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ የሚጠጋ እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በጥጥ ልብስ ላብ ወደ ጨርቁ ገብቶ ሲተን ገላን ያቀዘቅዛል፤ በፖሊስተር ግን ገላ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጥለቱ በማሽን የታተመበት «የሀበሻ ልብስ» ተብዬ ከውጭ እየመጣ ገበያውን ካጥለቀለቀ ወዲህ፣ ቆላ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ በላብ ሲጠመቁ ማየት ብርቅ አይደለም። በዚያው ልክ የሸማኔው ገበያ ይቀዘቅዛል። ሙሽራዋም ሸማኔውም አልተጠቀሙም፤ ያተረፈው አስመጪው ብቻ ነው።

ሌላው ጣጣ «ሰመር» የሚሉት ቃል ያመጣብን ነው። የፈረንጅ ሰመር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያኔ እኛ ዘንድ ክረምት ነው። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ቁምጣና ክፍት ጫማ ሸክፎ ሐምሌ ላይ ቦሌ ያርፍና በዝናብ ይንዘፈዘፋል። በአንጻሩ ሰኔ ሲገባ አዲስ አበባ ጃኬት ስታወጣ፣ ቆቦ ላይ ሙቀቱ ገና አልበረደም። እንግዲህ የትኛውን የቀን መቁጠሪያ አይተን እንልበስ? መልሱ የማንንም አይደለም፤ የምንሄድበትን አገር ሰው ማየት ነው።

የራያ ሰው ምን ይለብሳል? ወንዱ ሽርጥ ያገለድማል። ከዞብል ተራራ ማዶ ያለው የአፋር ጎረቤቱም እንዲሁ። ነፋስ ከታች ያስገባል፣ ለመራመድ ይመቻል፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ የቆቦ ልጃገረዶች ለሶለል ይወጣሉ፤ ነጭ ቀሚስ፣ የተሠራ ሹሩባ፣ ወገብ ላይ የታሠረ ለምለም ቅጠል። የክረምት የክት ልብስ ማየት የፈለገ እነሱን ይይ።

ይሁንና ሽርጥ ያገለደመ ሰው አንድ ቢሮ ብቅ ቢል የሚጠብቀው ዓይን ሌላ ነው። «ባላገር» የሚል ዓይን! የሚገላምጠው ሹም ራሱ በሙሉ ልብስና በከረባት ታንቆ፣ በመሀረብ ግንባሩን እየሞዠቀ ነው። ያው ሽርጥ በሌላ ስም ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ላይ ሲታይ ፋሽን ይሆናል፤ ሹማችንም ፎቶውን አይቶ «ያምራል» ይላል። ምነው እኛው ጋ ሲሆን ኋላ ቀርነት ሆነ? በዚህ አያያዝ ልጆቻችን የሚማሩት ክብር የሚገኘው አየሩን በመካድ እንደሆነ ነው።

የጃፓን መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ በሙቀት ወራት ኮትና ከረባት እንዲያወልቁ፣ የቢሮ ማቀዝቀዣም 28 ዲግሪ ላይ እንዲሆን ጠየቀ። የጃፓን ሥነ ሥርዓት በዚህ ፈረሰ ያለ የለም። በተቃራኒው የኬንያ ፓርላማ አፈ ጉባኤ በ2023 እ.ኤ.አ. «የካውንዳ ሱት» የሚባለውን ከረባት የማይፈልግ አፍሪካዊ ልብስ ከምክር ቤቱ አግደዋል። ከሁለቱ የቱን እንደምንመስል ለመገመት የቆላ ወረዳ ስብሰባ አንድ ጊዜ መግባት ይበቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጦርነት ያደቀቃት ከተማ ላይ ስለ ልብስ ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆቦ ከ2013 ክረምት እስከ 2015 መጀመሪያ ጦርነት ተመላልሶባታል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም በክልሉ የተነሳው ግጭት መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት ቆይቷል። ግን ብዙ ያጣ ሰው ነጠላውን አጥቦ፣ አንጥቶ ለጥምቀት ሲወጣ ምን እያለን ነው? «ሰው ነኝ» እያለን ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው በልብሱ መናቅ ቀርቶለት ከነበረው ላይ መቀማት ነው። የልብስ ወሬ ቀልድ የሚሆነው ለጠገበ ብቻ ነው።

ሁላችሁም ሽርጥ አገልድሙ አላልሁም። የምለው ቀላል ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ቆቦ የምትሄዱ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝና ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ባርኔጣ፣ እግር የሚያስተነፍስ ጫማ ያዙ። ለጣርማበር ብርድ ጋቢ ይበቃል። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ፀሐይ ይስባል። ሹሞች ደግሞ ቢያንስ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ከረባታችሁን አውልቁ፤ ባለጉዳዩንም በእጁ በያዘው ማመልከቻ እንጂ በወገቡ ባገለደመው አትመዝኑት። ያን ጊዜ ቆቦ ወርዶ «ይሞቃል» ብሎ የሚያማርር ካለ፣ ቢያንስ በኮቱ ምክንያት አይሆንም።