ስልጠናውስ አለ፤ ዘሩስ?

በወላይታ ዞን ስለ ግብርና ችግር ሲነሳ ቶሎ የሚታዘዘው መድኃኒት ስልጠና ነው። የበቆሎ ምርት ሲያንስ ስልጠና፣ አኩሪ አተር ሊተዋወቅ ሲታሰብ አውደ ጥናት፣ ተምች ሲገባ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይባላል። በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ አዳራሽ ይያዛል፣ አበል ይከፈላል፣ የሰልጣኙ ብዛት በሪፖርት ይሰፍራል። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ያለው ግምት ገበሬው የሚያመርተው ያነሰው ስላላወቀ ነው የሚል ነው። ግምቱ ስህተት ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ራስ ላይ ስለሚጥልም በደል ነው።

የወላይታ ገበሬ ለምክር አዲስ አይደለም። ዋዱ በሚል ስም የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮግራም በዓለም ባንክ ድጋፍ በ1962 ዓ.ም. ሲጀመር ምክር ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቅርቧል፣ መንገድም ሠርቷል። ገበሬው የተቀበለውም ምክሩ ከነመሣሪያው ስለደረሰው ነው። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ጀምሮት መንግሥት በ1987 ዓ.ም. አገር አቀፍ ያደረገው የሰርቶ ማሳያ ዘዴም የበቆሎ ምርትን በእጥፍ ማሳደግ እንደሚቻል አሳይቷል። ምርቱ በረከተ፤ በ1994 ዓ.ም. ግን የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀና ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ መጣ። የተማረውን በትክክል የፈጸመ ገበሬ ነበር የተጎዳው። ከዚህ በኋላ ማዳበሪያ ለመግዛት የሚያመነታውን ሰው ግንዛቤ የጎደለው ማለት እንዴት ይቻላል?

ማሳው ራሱ ምን ይጠይቃል? በዞኑ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከዚያ ወዲያ በቆሎ፣ በበቆሎው መሀል ቦሎቄ ይዘራል። ዲቃላ በቆሎ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት፤ የበልጉ ዝናብ ጥሎ ዘሩ ካልደረሰ በመስመር መዝራትን ማወቅ የሚጠቅመው ነገር የለም። በደጋውና በወይና ደጋው በብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ አሲዱ ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ በብዙ ብር የተገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ በሙሉ አይደርስም። መፍትሔው ኖራ መሆኑን ማስተማር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በኩንታል የሚቆጠረውን ኖራ እስከ ቀበሌ ማጓጓዝ ግን በጀት፣ መኪናና መንገድ ይፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ትምህርት የሚሻ ነገር የለም ማለት አይቻልም። አኩሪ አተር ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው ከሥሩ ጋር በሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ሰብሉ ባልተለመደበት መሬት ዘሩ ባክቴሪያውን በያዘው ሕያው ማዳበሪያ በጥላ ሥር ተለውሶ ሳይውል ሳያድር መዘራት አለበት፤ ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። ይህን ማንም በራሱ አይደርስበትም። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምችም ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከጥቅል ቅጠሉ መሀል ፈልጎ ለማጥፋት ዓይን መሠልጠን አለበት። ነገር ግን ሁለቱንም መማር የሚቻለው ማሳ ላይ፣ በወቅቱ፣ በወላይትኛ፣ ከሚያርሙትና እህሉን ከሚያከማቹት ሴቶች ጋር ነው እንጂ አዳራሽ ውስጥ በተጠሩ ሞዴል አባወራዎች ፊት አይደለም። ሕያው ማዳበሪያው በሕይወት ካልደረሰ ደግሞ የትኛውም አሰልጣኝ አያድነውም። አኩሪ አተሩን የሚገዛ ከሌለስ? ወላይታ ቦሎቄን ከበቆሎ ጋር ቀቅሎ ይበላል፤ የሚገዛውን ነጋዴም ያውቃል። ለአኩሪ አተር ገዢ ሳያዘጋጁ «ዝራ» ማለት አደጋውን ለገበሬው ብቻ ማሸከም ነው።

ስልጠና ርካሽ ስለሆነ ቢያንስ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። ጉዳት አለው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዝናቡ መግቢያ ከማሳ ተነጥሎ ከተማ ይቀመጣል፤ ዘር ያላደረሰው አካልም ግንዛቤ ፈጥረናል ብሎ ከተጠያቂነት ያመልጣል። ስለዚህ የዞኑ ግብርና መምሪያም ሆነ ለጋሾች ስንት ሰው ሰለጠነ ብለው መጠየቃቸውን ይተዉ። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና ኖራው በየትኛው ቀበሌ ከመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በፊት ገበሬው እጅ ገባ፣ በየትኛውስ ዘገየ፣ ለምን? መልሱ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት የስልጠና በጀትም ይህን ሳያሳይ አይጽደቅ።