ውድቀቱ የሚጀምረው ከ7ኛ ክፍል ነው

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር አገሩ ሁሉ ይጮኻል። ለፈተናው ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሬዲዮው ይናገራል፣ ወላጅ ያዝናል፤ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነጥቡ የጎደለባቸውን ተማሪዎች ተቀብለው ሬሜዲያል በሚባለው ትምህርት ለወራት ያስተምራሉ። ሥራው የሚጠቅም ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ጅቡ ያለፈው ከ5 ዓመት በፊት፣ ልጁ 7ኛ ክፍል ሳለ ነውና።

ይህን ነገር በአንድ ቦታ ለማየት የመንዝን ጓሳ እንውሰድ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውርጭ የማይለየው አገር ነው። ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ አያውቅም። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ሊቃውንትም ስለ ጭላዳው አኗኗር ዓመታት የፈጀ ጥናት አድርገውበታል። በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ደብተሩን ታቅፎ ዳገት የሚወጣውን ልጅ ግን ያጠናው የለም።

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ነገር በአገራችን ስሙ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን በሙሉ አንደኛ ደረጃ አለው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ሁለቱን ክፍሎች እንደገና ለይቶ «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ተለየ። ትምህርት ቤቱስ ተለይቷል ወይ? በገጠሩ በብዙ ስፍራ መካከለኛ ደረጃ ማለት በዚያው በአሮጌው ግቢ፣ በዚያው ዳይሬክተር ሥር ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ማለት ነው። ሰሌዳ ተቀይሮ ጣሪያው ካልተቀየረ ልጁ ያገኘው ነገር የለም።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ እንናገር። መርሐ ግብሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ያሰኛል። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አጠቃላይ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ የዜግነት ትምህርት፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ሙያና ቴክኒክ፣ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አሉበት። ነገር ግን በክልላችን ሒሳቡና ሳይንሱ ከአማርኛ ወጥተው በእንግሊዝኛ መሰጠት የሚጀምሩት በዚሁ ደረጃ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል «ክፍልፋይ» እያለ በገዛ አፉ ያሰላ የነበረ ልጅ በመስከረም ወር ሒሳቡንም ቋንቋውንም ባንድ ቀን እንዲማር ይገደዳል። መምህሩም ራሱ ያስጨነቀውን ቋንቋ በአማርኛ እየተረጎመ ያስተምራል፤ ፈተናው ግን አይተረጎምለትም። ልጁ ሰነፍ ተባለ እንጂ ስንፍናው ከእርሱ አይደለም። የኮምፒዩተሩም ትምህርት ኮምፒዩተርና መብራት በሌለበት ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተሣለ ሲሰጥ ትምህርት ሳይሆን ወሬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከክፍል ውጭ ያለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ነው። በየዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ እናያለን፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የሥርዓተ ጾታ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የተማሪዎች ፓርላማ። ከዝርዝሩ ብዙው በሪፖርት ጊዜ የሚነቃ፣ ሪፖርቱ ሲላክ ተመልሶ የሚተኛ ነው። በጓሳ ግን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከሌላው አገር ሁሉ የበለጠ ሥራ አለው፤ ደጁ ላይ ያለው መሬት ራሱ መጽሐፍ ነውና።

የጓሳ ሰው ይህን መሬት 400 ዓመት ያህል ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ስሙን ዛሬ በፖለቲካ ከምንሰማው ጋር ማምታታት አይገባም። ሕዝቡ አለቃውን ይመርጣል፤ ምድሩ ለ3 ዓመትም ለ5 ዓመትም ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ባለመብቱ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ጉድለት አልነበረበትም አንልም። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጅ ለሆነው ባለርስት ነበረና ሌላውን ያገለለ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም የማንም ስለ ሆነ ተጎዳ። ሕዝቡ መክሮ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ የክልሉም መንግሥት በ2004 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ መሆኑን በሕግ አጸና። እንግዲህ ዜግነት፣ ሳይንስ፣ ታሪክና ሒሳብ ባንድነት የሚገኙበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከወዴት ይመጣል? የክበቡ ልጆች ከሽማግሌዎች ቃል ቢሰበስቡ፣ ጭላዳ ቢቆጥሩ፣ ዝናብ ቢለኩ፣ ያገኙትን በሚኒ ሚዲያ ቢያነቡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ የሚያስተባብር ሰውና አንድ ደብተር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ግን ተማሪውን የሚደግፍ አገልግሎት ነው። የደጋ ልጅ ከትምህርት የሚወጣው መርሐ ግብሩ ስላልጣመው አይደለም። በባዶ ሆዱ ብርድ ለብሶ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ነው። እርሱና ወንድሙ በተራ በግ ስለሚጠብቁ፣ አንዱ ሰኞ ሲማር ሌላው ማክሰኞ ስለሚማር ነው። ልጃገረዲቱ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ውኃም የተለየ መጸዳጃም በሌለበት ግቢ ማፈርን ስለምትፈራ በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች፤ የቀረችበት ቀን ሲበዛ ትወድቃለች፤ የወደቀች ጊዜ ደግሞ ሽማግሌ ይላክባታል። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ይከለክላል፤ ሕጉን ደግፎ የሚያቆመው ግን ልጅቱ ነገ ተመልሳ የምትገባበት ክፍል መኖሩ ነው።

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቿን ትመግባለች። መልካም አድርጋለች። የጓሳ ልጅ ሆድ ከአዲስ አበባ ልጅ ሆድ በምን ይለያል? «ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚለን ይኖራል። በጀቱ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሁሉን በገበሬው ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም። ነገር ግን መነሻው እሩቅ አይደለም። ገብስ ያለው እዚያው ነው፤ ለቁርስ በሶና ቆሎ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ለዘመናት የጋራ ሣሩን ያስተዳደረ ሕዝብ የጋራ ማድጋ ማስተዳደር አያቅተውም፤ እህሉን የሚያሟላ በጀት ብቻ ይጨመርለት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ደጁ ሲከፈት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ልጆች ከገበታቸው ርቀው ቆይተዋል። መሣሪያ ለያዘ ሁሉ የምንለው አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት የማንም ወገን ምሽግ አይደለም። በ13 ዓመቱ ከክፍል የወጣ ልጅ ሰላም በወረደ ማግሥት በ16 ዓመቱ 7ኛ ክፍል ልግባ አይልም።

እኛስ? ቀድመውን የነበሩ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ብዙዎቹ አስተምረዋል። ከገበሬው ጋር መተዋወቅ ምን እንደ ሆነ የተማሩት በዚያ ነው። እኛ የዓመት አገልግሎት አልተጠየቅንም፤ ስለ ገጠር ግን በሻይ ቤት ብዙ እንናገራለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሰላም በሚፈቅድበት ስፍራ ሁሉ በዕረፍት ጊዜ ወደ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሄድ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ የሚሰጥ ቡድን ይቋቋም። ሁለተኛ፣ የ7ኛ ክፍልን የሒሳብና የሳይንስ ቃላት ከእንግሊዝኛው ጎን በአማርኛ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ በዚህችው ማባዣችን አባዝተን እናድል። መምህራኖቻችን አርማቱን ቢያዩልን ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣ ሁሉ ከጭላዳው ጎን የሚኖረውን ተማሪ ያጥና፦ ከስንት ሰዓት መንገድ ይመጣል፣ ምን በልቶ ይመጣል፣ ለምን ይቀራል?

ጓሳውን ያቆየው በለጋነቱ አለማጨዱ ነው። ልጁንም በለጋነቱ አናሳጭደው። የዛሬ 5 ዓመት ውጤት ሲነገር ደግሞ ከመጮኽ፣ ዛሬ መንገዱን እንጀምር።